ዋሴ የወረደ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር የተውኳችሁ። ኢዘዲን "አገባሻለሁ" ብሎኝ፣ እኔ ማማሰያ ይዤ ደርቄ ቆሜ፣ ኮሪደሩ ላይ የእትዬ አዚዛ ነጠላ ጫማ ጠሽ ጠሽ እያለ ሲመጣ።

ያ ላመለጣችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ነፊሳ እባላለሁ፣ አርባዎቹን ጀምሬያለሁ፣ አገሬ ወሎ ነው። ኦሎምፒያ ጀርባ እትዬ አዚዛ ቤት ምግብ እሠራለሁ። እትዬ አዚዛ መጋረጃ ነጋዴ ናቸው። ኢዘዲን ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ እሁድ እሁድ ምሳውን እኛ ቤት ይበላል። ለእናንተ ሳወራ እሱ እላለሁ እንጂ ቤት ውስጥ ጋሼ ኢዘዲን፣ እርስዎ ነው የምለው።

ፍቅራችን የተጀመረው ፍሪጅ ውስጥ ነው ስላችሁ ሳቁ፣ እውነቴን ነው። የማታ ትምህርት ስጀምር ስሜን መጻፍ አቅቶኝ ሲያይ፣ ውሃ ሊወስድ መጥቶ የላይኛውን በር ከፈተና በረዶው ላይ በጣቱ "ነፊሳ" ብሎ ጻፈልኝ። እዚያ ማንም አያየውም። ሥጋ ሳወጣ እኔ ብቻ አየዋለሁ። መብራት የጠፋ ቀን ይቀልጣል፤ እሁድ ይመጣና ደግሞ ይጽፈዋል።

ያን ቀን የእትዬ አዚዛ ጫማ በሩ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላወቅኩም። አለማወቁ ነው ሰውን የሚገድለው። ከዚያ ወዲያ "ነፊሳ" ብለው በጠሩኝ ቁጥር የያዝኩት ዕቃ ከእጄ ሊወድቅ ይደርሳል። ጨው እረሳለሁ፣ ሁለቴ እጨምራለሁ። እሳቸው ቀምሰው ዝም ይላሉ። ዝም ማለታቸው ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ሌላም ፍርሃት ነበረብኝ፣ እሱን ልንገራችሁ።

የማታ ትምህርት ቤታችን ካዛንቺስ በኩል ነው። ክፍላችን ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን ሰው ቤት የምንሠራ ነን፤ ስንገባ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። መምህራችን ገለታ ይባላል፣ ወጣት ነው፣ ሲያስተምር ጠመኔውን ፀጉሩ ላይ እያሸ ራሱ ነጭ ይሆናል። አንድ ቀን ስለ ድሮዋ አሜሪካ አስተማረን። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ገደማ ሎውል በምትባል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ አለ። ሠራተኞቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። ሳይነጋ ደወል ያስነሳቸዋል፤ በቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ማሽን ፊት ይቆማሉ፤ የሚያድሩትም ኩባንያው ባዘጋጀው ቤት ነው፣ ማታ በሩ ይዘጋባቸዋል። በመጨረሻ ሥራው አሥር ሰዓት ይሁንልን ብለው በሺህ ሆነው ፈርመው ለምክር ቤቱ ላኩ። ምክር ቤቱ እኛን አይመለከትም አላቸው። እነሱም ደግመው ፈረሙ።

ሳምራ እጇን አወጣች። ሳምራ ከእኛ በር ፊት ለፊት ያለው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሳቋ አጥር ይዘላል። ጥጡንስ ማን ለቀመው? ብላ ጠየቀች። ገለታ ባሪያዎች ናቸው አለ። ከፋብሪካዎቹ ልጃገረዶችም አንዳንዶቹ ባርነት ይቅር ብለው ለዚያም እንደፈረሙ ነገረን። አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቶብኝ ጠየቅኩ።

"መምህር፣ ዋስ ነበራቸው?"

ገለታ ጠመኔውን ፀጉሩ ላይ አሸው። የዋሱን ነገር እንደማያውቅ፣ ግን ሥራ ጥለው የወጡ ልጆች ስማቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ እየተላለፈ የሚቀጥራቸው ይጠፋ እንደነበር ነገረኝ።

"ያው ዋስ ነው በለን በቃ" አለች ሳምራ። ሁላችንም ሳቅን። ስንስቅ ግን እርስ በርስ አልተያየንም።

ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ልጅ ደላላ ጋ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትጠየቀው "ዋስ አለሽ?" ነው። መታወቂያ ያለው፣ አድራሻው የታወቀ ሰው መጥቶ እኔ እጠየቅላታለሁ ካላለ በር አይከፈትላትም። ከዚያ ወዲያ አንድ ማንኪያ ቢጠፋ የሚጠራው እሱ ነው። የእኔ ዋስ ጋሼ ዓብዱልዋሂድ ናቸው፣ የእናቴ ዘመድ። ካዛንቺስ ጫማ ይሰፉ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ጋ ተጠጉ። አርጅተዋል፣ ደረጃ ሲወጡ ሦስቴ ያርፋሉ። እኔ አንድ ነገር ባደርግ ጣቢያ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ልናገር የፈለግኩትን ሁሉ የዋጥኩት እሳቸውን እያሰብኩ ነው።

ክፍል ውስጥ ተመካክረን አንድ ነገር ቆረጥን። ብዙ አይደለም። እሁድ ምሳ ካነሳን በኋላ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የራሳችን ጊዜ ይሁን። እያንዳንዷ የራሷን እመቤት ትጠይቅ። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም በመጪው እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ግቢ እንገናኝ።

ረቡዕ እትዬ አዚዛን ጠየቅኩ። ልብስ እያጠፉ ነበር። አልተቆጡም። የያዙትን አንሶላ ጫፍ ለጫፍ አገናኝተው በእጃቸው አለሰለሱት።

"ዋስሽ ደህና ናቸው?" አሉኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።"

"ሽማግሌ ናቸው። እንዳይንገላቱ።"

አንሶላውን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ።

በማግስቱ ሽንኩርት እያቁላላሁ ስልኬ ጮኸ። ኢዘዲን መልእክት ሲልክልኝ እንዳነበው ብሎ ቃሉን አጭር አጭር ያደርገዋል። ያም ሆኖ አንዷን ቃል ይዤ ሌላዋን ስፈልግ የመጀመሪያዋ ትጠፋኛለች። "ነፊሳ። እሁድ አትውጪ። ሰው ይጎዳል። እስክነግርሽ ጠብቂ።" ሁለተኛ አነበብኩት። ሦስተኛ ሳነበው ሽንኩርቱ አረረ።

እሱም እንደ እህቱ። ያልኩት ይህንን ነው። እሳቸው በሽማግሌው አስፈራሩኝ፣ እሱም በሽማግሌው አስፈራራኝ። በረዶ ላይ ስም የሚጽፍ ጣት እንዲህም ይጽፋል? የፍሪጁን የላይኛውን በር ከፍቼ አየሁት። ስሜ አለ፣ ዳር ዳሩ ቀልጧል። ዘጋሁት።

ቅዳሜ አትክልት ልገዛ ወጥቼ ወሎ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ታክሲ ስጠብቅ የኢዘዲንን መኪና አየሁ። ልጠራው እጄን ከፍ ሳደርግ የኋላ ወንበር ላይ ጋሼ ዓብዱልዋሂድን አየኋቸው። ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኝህ ሰው ከሕፃንነቴ ጀምሮ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፈገግ የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን አንገታቸውን ደፉ። መኪናው ወደ ፖሊስ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

የያዝኩት ዘንቢል ወደቀ። አንዲት ሴትዮ ቲማቲሜን ለቀመችልኝ፣ አሞሻል ወይ አለችኝ። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ለእሱ ልደውል ጣቴ አልታዘዝ አለ። ምን ልለው ነው? ሽማግሌዬን የት ወሰድክብኝ? ያን ቀን ጣቢያው ድረስ ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ። አልሄድኩም። እዚያ ቆመው እንዳላያቸው ፈራሁ። ወደ ቤት ተመልሼ ጎመን ከተፍኩ።

እሁድ ኢዘዲን ምሳ ላይ መጣ። ደስ ብሎታል፣ ይህን ልብ አልኩ። ሰው ሽማግሌ አሳስሮ እንዴት ደስ ይለዋል? ወጥ ሳወጣ ዓይኑ ይከተለኛል፤ አንዴም አላየሁትም። ሳምቡሳውን ከፊቱ ሳስቀምጥ ቀስ ብሎ "ቆይ እነግርሻለሁ" አለኝ።

ሳምቡሳ እየበላ ስለነበር ከእሱ ሳህን በቀር ዕቃውን አነሳሁ። እጄን ታጠብኩ። ሽርጤን ፈትቼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ሒጃቤን አስተካክዬ ሳሎን ገብቼ ቆምኩ።

"እትዬ፣ እንደነገርኩዎት ልወጣ ነው። ለመግሪብ እመለሳለሁ።"

እትዬ አዚዛ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከወጣሽ ዋስሽን አስጠራለሁ፣ ከእሳቸው ጋር ነው የምነጋገረው አሉ። ያኔ ኢዘዲን ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ዋሷ እኔ ነኝ" አለ።

እትዬ አዚዛ ዞረው አዩት። እኔም አየሁት፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ትናንት ሽማግሌውን ከጎተራ ይዞ ደላላው ጋ እንደሄደ፣ ዋስነታቸውን እንዳወረደላቸውና በእሳቸው ቦታ እንደፈረመ ነገራቸው። ሽማግሌ በእሷ ምክንያት አይንገላታም፣ እሷም እንደልቧ ትውጣ አለ። ይህን ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። ስጦታ ገዝቶ እንደመጣ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ።

ለካ ጣቢያ አይደለም የወሰዳቸው። የደላላው ቤት ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ልደሰት ይገባኝ ነበር። ግን የደላላውን አግዳሚ እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ አያውቀውም።

"ጋሼ ኢዘዲን፣ ዋስ የሚወርደው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ?"

መልሱን አልጠበቅኩም።

"ሠራተኛዋ ላይ ነገር ሲታይ ነው። ሰርቃ፣ ባልጋ፣ የከፋ ነገር አድርጋ ዋሷ ሲያፍር ነው። ዋሷ አላውቃትም አለ ማለት ነው። ትናንት አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ልጆች ሁሉ ሰምተዋል። ከዛሬ ጀምሮ ነፊሳ ዋሷ የወረደባት ናት። ሽማግሌው አንገታቸውን የደፉት ለምን ይመስልዎታል?"

"እኔ እኮ… ማለቴ፣ እንዳይታሰሩ ብዬ ነው" አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ፍርሃት ግን ሲበዛ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ስንት ዓመት የዋጥኩት ሁሉ መጣ።

"ይህ ቤት ስገባ ዋስ አምጪ ተባልኩ፣ አመጣሁ። እናንተ ለእኔ ማንን ዋስ አመጣችሁ? ደሞዜን ብትከለክሉኝ ማን ይጠየቅልኛል? ብትመቱኝስ? አገባሻለሁ ብላችሁ ብትተዉኝስ ማንን አስጠራለሁ?"

የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"አገባሻለሁ?" አሉ እትዬ አዚዛ። ወደ እኔ አላዩም። ወንድማቸውን ነው ያዩት።

ኢዘዲን አዎ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ናት፣ እኔ እንኳን አሁን ልጽፋት እችላለሁ። ዓይኑን ባዶ ሳህኑ ላይ ጣለ። እዚያው ቀረ።

ቤቱን ለቅቄ ወጣሁ። ከኋላዬ እትዬ አዚዛ ከወጣሽ አትመለሺ ያሉ መሰለኝ፣ በሩን ስዘጋው ስለሆነ በደንብ አልሰማሁም። ሳህኑን እያየ የተቀመጠውን ሰውዬ በዓይኔ ይዤ ነው የወጣሁት። መንገዱን ሁሉ አብሮኝ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ አምስት ሴቶች ተቀምጠዋል። እንመጣለን ያልነው የክፍሉ ግማሽ ነበርን። ሳምራ መጥታለች፤ እመቤቷ ሻንጣዋን በር ላይ እንዳወጡባት እየሳቀች ነገረችኝ፣ ስትስቅ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ከዚያ ምን እንደሚደረግ አናውቅም። ወላሂ እውነቴን ነው። እረፍት ጠየቅን እንጂ እረፍት እንዴት እንደሚደረግ ማንም አላስተማረንም። እጃችንን ጭናችን ላይ አስቀመጥን። አንዷ ከሌላዋ ቀሚስ ላይ ክር ትለቅማለች። ሌላዋ ተነስታ የወደቀውን ቅጠል መጥረግ ጀመረች። ሳምራ መጥረጊያውን ቀማቻት።

"ቁጭ በይ አንቺ፣ ዛሬ እመቤት ነሽ።"

"እመቤት ምን ታደርጋለች?"

"ትሰለቻለች" አለች ሳምራ።

ሳቁ ሲያልቅ ፍርሃቱ ተመለሰ። ማታ የት አድራለሁ? የእኔን ስም አግዳሚ ለአግዳሚ ተቀባብለውት ይሆናል። ገለታ ስለ እነዚያ ልጃገረዶች ሲነግረን የመጀመሪያ ቀን ከወጡ በኋላ ማታ ላይ ምን እንደተሰማቸው አልነገረንም። እሱን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

ጥላው ረዘም ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ዘበኛው ማንን ነው? ሲል ሰማሁ። መልሱን አልሰማሁትም። ቀጥሎ በጠባቡ በር ጋሼ ዓብዱልዋሂድ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ። ከኋላቸው ኢዘዲን አለ።

ሮጬ የሽማግሌውን ጉልበት ያዝኩ። እንደ ልማዳቸው ፈገግ አሉ። ስልካቸው ባትሪው አልቆ ነው እንጂ እሳቸው ደህና ናቸው። ትናንት ለምን አንገታቸውን እንደደፉ ልጠይቃቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ። ለአንቺ ይሻላል ብሎ ሲለምነኝ እሺ አልኩ፣ ቃሌን ሳወርድ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም አሉ። አሁን ከዚያው ደላላ ቤት ነው የሚመጡት። እሁድ ስለሆነ ተዘግቶ ቢያገኙት ሰውዬውን ከቤቱ አስወጥተው፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም ብለው ሰው ፊት ዋስነታቸውን መልሰውታል። ድምፃቸው እንደ ወጣት ነበር።

"ይሄኛው ደግሞ" አሉ በከዘራቸው ወደ ኢዘዲን እያመለከቱ፣ "ለእኔ ዋስ ይሁኑኝ ይለኛል።"

"ለምን?"

"አንቺ ዘንድ ለመግባት።"

ሳምራ አፏን በሒጃቧ ያዘች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ኢዘዲን ከበሩ ጋ አልተንቀሳቀሰም።

"እህቴን ጠየቅኳት፣ ዋስ ሁኚኝ ብዬ" አለ። "አይሆንም አለች። ለሱቅ ጎረቤቴ ለሁዘይፋ ደወልኩለት፣ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ ሰው አጣሁ ነፊሳ። ሃያ ዓመት ነግጄ ለእኔ የሚጠየቅልኝ አንድ ሰው አጣሁ።"

"ሳህኑን ሲያዩ ነበር" አልኩት።

"ፈርቼ ነው።"

"እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ተናገርኩ።"

"አንቺ ስትወጪ ፍሪጁን ከፈትኩት። እህቴ ቆማ እያየች ስምሽን ጻፍኩት። በደንብ፣ በትልቁ።"

"ምን አሉ?"

"እጅህ ይቀዘቅዛል አለች። አትመለሺ ያለችውንም አልደገመችውም።"

ወደ ጋሼ ዓብዱልዋሂድ ዞርኩ። ለዚህ ሰው ዋስ ይሆኑታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ኢዘዲንን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ እሱ እኔን አንድም ቀን አይቶኝ በማያውቅ ዓይን፣ ሠራተኛ እንደሚመርጥ ሰው አዩት።

"አላውቀውም እኮ ልጄ" አሉ። "ለማላውቀው ሰው እንዴት ነው ዋስ የምሆነው? ጎተራ እየመጣ ደረጃዬን ይውጣ፣ ሻይ ይጠጣ፣ ልየው። የሙከራ ጊዜ ይኑረው።"

ኢዘዲን እሺ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ይከራከራል ብዬ ነበር፣ አልተከራከረም። በሩ አጠገብ ያለው ትርፍ አግዳሚ ላይ ጫፉ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱን ገጠመ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋበት። በገባና በወጣ ሁሉ ቀና ይላል፣ ማን ይጠራኝ ይሆን እንደሚል ሰው።

ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ከወሎ የመጣሁ ሰሞን ደላላው ጋ እንዲህ ነው የተቀመጥኩት። ከጎኔ የነበረችው ልጅ ተጠርታ ስትሄድ አግዳሚው ሰፍቶ ሰፍቶ ብቻዬን የቀረሁበት ጊዜ ነበር። ያን ቀን አንድ ሰው መጥቶ ምንም ሳይለኝ ከጎኔ ቢቀመጥ ምን ነበረበት ብዬ ስንት ዓመት አስቤያለሁ።

ይቅር አላልኩትም፣ ይህን እወቁልኝ። ሳህኑን ሲያይ የነበረው ሰውዬ ገና ከዓይኔ አልጠፋም። ሻንጣዬ የት እንደሚያድርም አላወቅኩም። ተነስቼ ሄድኩና ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ተቀመጥኩ። መሐላችን ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ወደ እኔ አላየም፣ ወደ እሱ አላየሁም። እንጨቱ ግን አንድ ነው፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ እኔ ጋ ይደርሳል፣ የእኔም እሱ ጋ እንደሚደርስ ገባኝ። የመግሪብ አዛን እስኪል ድረስ ማንኛችንም አልተነሳንም።